ካርዱን አጋድለህ እየው

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቻንቲሊ፣ ቨርጂኒያ

ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቻንቲሊ ቅርብ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው እዚሁ ደለስ ቢሆንም አበሻው ሻንጣውን ጭኖ የሚከንፈው ወደ አሌክሳንድሪያ ወይም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቻንቲሊ ላይ የሚያስቆመው ጉዳይ የለም። እኔን ያስቆመኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፖክሞን ካርድ ይሰበስባል። በጀርባ ቦርሳው ውስጥ እናቱም እንድትነካበት የማይፈቅድ አልበም ይዟል።

«አጎቴ፣ ዛሬ ቻሪዛርዴን እሸጣለሁ» አለኝ መኪና ውስጥ። «የ1999 ነው። ደግሞ ኒር ሚንት ነው።»

ኒር ሚንት የሚሉት ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ሊባል ጥቂት የቀረውን ካርድ ነው። ከሱ በታች ላይትሊ ፕሌይድ፣ ሞደሬትሊ ፕሌይድ፣ ሄቪሊ ፕሌይድ እያለ ይወርድና ዳሜጅድ ላይ ያበቃል። ካርዱን ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያወርደው እንከን አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ውስጥ የማይገባ ነው፤ ከኪስ ላይ የሚያጎድለው ግን በደንብ ይታወቃል።

የካርድ ገበያው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛው ረድፍ ረድፍ ነው። በየጠረጴዛው የመስተዋት ሣጥን፣ ከእያንዳንዱ ሻጭ ጎን ደግሞ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት አለ። ጎልማሶች ጎማ ያለው ሻንጣ እየጎተቱ ይዞራሉ፤ በሻንጣው ያለው ሁሉ ካርድ ነው። የቤዝቦሉ ወገን በዕድሜ ገፋ ያለ ነው፣ ዝግ ብሎ ያወራል። የፖክሞኑ ወገን ልጅ እግር ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ዋጋ እያመሳከረ ይሟገታል። ሁለቱም ግን የሚከፍሉት በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ብሩ ሲቆጠር ሁሉም ጸጥ ይላል።

አንዱ ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ «የኛ ሰዎች ናችሁ አይደል?» የሚል አማርኛ ሰማን። ፀጉሩን ሽበት የወረረው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ዲሲ ውስጥ ለረጅም ዘመን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ካርድ ይገዛላቸው ነበር፤ ልጆቹ አድገው ተዉት፣ እሱ ግን በዚያው ቀረ። ስሜን አትጻፍ ስላለኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጋሼ የልጁን ቻሪዛርድ ሲቀበል ልብ ብዬ አየሁት። በመጀመሪያ እጁን በጨርቅ አደራረቀ። ስሱን የላስቲክ ልባስ ግራና ቀኙን በሁለት ጣት ጫን ሲለው አፉ ተከፈተ፤ ካርዱን ሳይጎትት ወደ መዳፉ አንሸራተተው። ጠርዙን ብቻ ይዞ ወዲያው ገለበጠው። እሳት የሚተፋውን ዘንዶ፣ ልጁ ያን ያህል የሚሳሳለትን ሥዕል፣ ከነጭራሹ አላየውም።

«ጋሼ፣ ፊቱን አታየውም እንዴ?» አልኩት።

«ፊቱ ያታልልሃል። ሥዕሉን ካየኸው ትወደዋለህ፤ ከወደድከው ደግሞ አበቃልህ። ጀርባው ላይ የሚወደድ ነገር የለም።»

የፖክሞን ካርድ ጀርባ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ወረቀት ነጭ ስለሆነ ቀለሙ በተላጠበት ሁሉ ነጩ ብቅ ይላል። ጋሼ መብራቱን ዝቅ አደረገና ወርቅ ሠሪዎች የሚይዟትን፣ አሥር እጥፍ የምታጎላዋን ትንሽ መነጽር ከታችኛው ግራ ጥግ ላይ አስጠግቶ ለልጁ ሰጠው። ከሱ ተቀብዬ እኔም አየሁ። በባዶ ዓይን ንጹሕ የነበረው ጥግ ላይ የወረቀቱ ክሮች ተፈልቅቀው ቆመዋል። በላይኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጫጭ ነጥቦች እየተቆራረጡ ተሰልፈዋል። ካርዱ ከአልበሙ ኪስ በገባና በወጣ ቁጥር የተፋቀው እዚያ ጋ ነው።

ከዚያ ወደ ፊቱ መለሰውና ካርዱን ከመብራቱ ሥር አጋደለው። ብርሃን ከላይ በቀጥታ ሲወርድበት የሚያብረቀርቀው ገጽ ምንም አይናገርም። ነጸብራቁ ከአንዱ ዳር ተነሥቶ ወደ ሌላው ቀስ እያለ እንዲንሸራተት ሲደረግ ግን የተደበቀው ሁሉ ይወጣል፤ ጭረቱ ይነሣል፣ በጥፍር ወይም በሌላ ካርድ ጥግ የተወጋው ስርጉድ ጥላ ይጥላል። የማተሚያው ማሽን የተወው መስመርም እንዲሁ ይታያል፤ እሱ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ከሰው ጭረት በቀላሉ ይለያል። በየጠረጴዛው መብራት የቆመው ለዕቃው ድምቀት መስሎኝ ነበር፤ ሥራው ለካ ይኸኛው ነው።

«እንግዲህ አንተው ፍረድ» አለው ጋሼ ልጁን።

ልጁ መነጽሩን ሳይመልስ ብዙ ቆየ። «ላይትሊ ፕሌይድ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ድርድሩ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ ካርዱን ራሱ ሊገዛው ፈለገ፤ መግዛት ሲፈልግ ግን ዓይኑ በድንገት ጠነከረና ላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ነጥቦች ሞደሬትሊ ፕሌይድ እንደሚያደርጉት ይናገር ጀመር። ልጁ በእንግሊዝኛ ተቆጣ፣ ጋሼ በአማርኛ ሳቀ። መሐል ላይ ተገናኙ። ባለቤቱ ወደ ላይ ያደላል፣ ገዢው ወደ ታች፤ ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ወረቀት ነው።

ከምሳ በፊት

ይህ ጭቅጭቅ ነው የደረጃ ሰጪ ኩባንያዎችን እንጀራ ያበሰለው። ፒኤስኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቋቋመ (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)፤ ቤኬት፣ ኤስጂሲና ሲጂሲም በዚሁ ንግድ ውስጥ አሉ። ካርድህን ከነክፍያው ትልክላቸዋለህ። እነሱ ከ1 እስከ 10 ባለው መመዘኛ ቁጥር ሰጥተው ጠንካራ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ አሽገው ይመልሱልሃል። የታሸገውን ስላብ ይሉታል። ቤኬት ከጠቅላላው ቁጥር ሌላ ለአራት ነገሮች ለየብቻ ነጥብ የሚሰጥበት አሠራር አለው፤ ሥዕሉ መሐል ላይ ስለመቀመጡ፣ ለጥጎቹ፣ ለጠርዞቹና ለገጹ።

ከአራቱ በጣም የገረመኝ የመጀመሪያው ነው፤ የማንም እጅ የለበትምና። በሥዕሉ ግራ ያለው ነጭ ዳር 3 ሚሊ ሜትር፣ በቀኙ ያለው 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ካርዱ 60/40 ነው ይባላል። ለ10 የሚታሰብ ካርድ ፊቱ ከ55/45 ብዙም ሊርቅ አይገባም፤ በጀርባው በኩል ሕጉ ላላ ይላል። እንግዲህ ፋብሪካ ውስጥ ትልቁ ወረቀት ሲቆረጥ ምላጩ ትንሽ ፈቀቅ ካለ፣ ካርዱ ማንም ሳይነካው፣ ፓኬቱ ሳይከፈት 10ን አጥቷል። ልጁ ይህን ፍትሕ የጎደለው ነገር ይለዋል። እኔም አልከራከረውም።

ጋሼ ርካሽ የሆኑ ስላቦች የሞሉበት የካርቶን ሣጥን አለው። ባለቁጥሩን መለያ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ «ስንት?» ይለኛል፤ እገምታለሁ፤ ጣቱን ያነሣል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም ባይ ነው። ስመ ጥር ተጫዋች የሌለባቸውን፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7 የተሰጣቸውን ካርዶች በትንሽ ገንዘብ ገዝቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማጥናት፤ 9 እና 10ን ለኋላ ማቆየት።

ከሣጥኑ መጀመሪያ ያወጣልኝ የቶፕስ ኩባንያ የ1971 ቤዝቦል ካርዶችን ነበር። ዳራቸው ዙሪያውን ጥቁር ነው። ጥቁር ዳር እንደ ነጭ ዳር ገመና አይሸፍንም፤ ከጠርዙ ፍንካች የምታህል ቀለም ብትረግፍ ከክንድ ርቀት ትታያለች። ስለዚህ የዚያ ዓመት ካርድ 8 ሆኖ ሲገኝ ሰብሳቢው ይደነቃል። ቀጥሎ ሌላ ካርድ አሳየኝ፤ ጥጎቹ የሚወጉ፣ ሥዕሉ መሐል የተቀመጠ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ። አውራ ጣቱ ሲነሣ 5 ይላል። ስላቡን ተቀብዬ እያጋደልኩ ፈለግኩ። ከተጫዋቹ ትከሻ በላይ፣ ሰማዩ ላይ፣ ከጥፍር የማትረዝም ሰንበር አለች። ቀለሙን አልሰበረችም፣ ብርሃኑ ግን እዚያ ሲደርስ ይሰናከላል። አንድ ሰው ምናልባት ከሃምሳ ዓመት በፊት ይህን ካርድ ኪሱ ከቶ ተቀምጦበት ይሆናል። ለዚህች ብቻ ሦስትና አራት ነጥብ ይሄዳል።

የቆዩ የቶፕስ ካርዶች ጀርባ ላይ የሚታየው እድፍ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ካርዱ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ ከማስቲካ ጋር ይሸጥ ስለነበር ከዳር ያለው ካርድ ሰም ይይዛል፣ ከማስቲካው የተጣበቀው ቡኒ ይመታል። ማስቲካው ከፓኬቱ እስከወጣበት እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ነበር። ሰሙን በሴት ስቶኪንግ ለስለስ አድርገው ሲያሹት ይለቃል ይላሉ የዱሮ ሰብሳቢዎች፤ ጋሼም ሳቅ እያለ አንድ አሮጌ ስቶኪንግ ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ። ማጽዳት ነው ወይስ ማስመሰል? እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩት ሁለት ፈረንጆች በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም፣ የሚስማሙም አይመስለኝም።

እኔ ይህን ሁሉ ሳይ ትዝ ያለኝ ማርትሬዛ ነው። ባላገር ነጋዴ ጠገራ ብር ሲቀበል የንግሥቲቱን ፊት ሳይሆን የትከሻዋን ጌጥ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥር እንደነበር ሽማግሌዎችም መንገደኞችም ይተርኩታል።

ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው

ከምሳ በኋላ ጋሼ ወሬውን ወደ ሌላ መራው። «እስካሁን ያሳየሁህ የደከመውን ካርድ ነው። ደካማ ካርድ ሌባ አይደለም፣ ያለበትን ያሳይሃል። አሁን የሚያስፈራውን ላሳይህ።»

አንድ የቆየ ካርድ ከመሳቢያ አወጣ። እንከን የለውም። ቀጥሎ የዚያኑ ዓመት፣ የዚያኑ ኩባንያ፣ ማንም የማይፈልጋቸውን ካርዶች ቁልል አመጣና ያንን መሐላቸው ሻጠው፤ ቁልሉን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ መታ መታ አደረገ። «ጣትህን ከላይ አሳልፈው» አለኝ። አሳለፍኩት። ጣቴ በአንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አገኘ። መልከ መልካሙ ካርድ ከወንድሞቹ በወረቀት ውፍረት ያህል ያጥራል። ያረጁትን ጠርዞች አንድ ሰው በምላጭ ከርክሟቸዋል፤ ጥጎቹ አዲስ የመሰሉት አዲስ ስለሆኑ ነው፣ ትናንት ነው የተወለዱት።

ከርካሚ የሚያዝባቸው ምልክቶች ብዙ ናቸው። ዘመን የጠገበ ካርድ ፊቱ ወይቦ ጠርዙ ብቻ ነጭ ከሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ጠርዙ በመሐል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጥጉ ላይ ወደ ውጭ ሾል ካለ ምላጩ በእጅ ተገፍቷል። ጥቁር ዳር በማርከር የተነካካ ከሆነ ስታጋድለው የማርከሩ ጥቁርና የማተሚያው ጥቁር እኩል አያበሩም። ከመቶ ዓመት በፊት ታተመ የሚባል ካርድ በጨለማ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ወረቀቱ ወገግ ብሎ ሰማያዊ ካበራ ሐሰት ነው፤ ወረቀትን የሚያነጣው ያ ኬሚካል በዚያ ዘመን አልነበረም።

ደስ ያለኝ ግን የካናዳው ነው። ኦ-ፒ-ቺ የሚባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ የሆኪ ካርዶቹን የሚቆርጠው በሽቦ ስለነበር ጠርዛቸው የተቀደደ እንጂ የተቆረጠ አይመስልም። የሆኪ ተጫዋቹ የዌይን ግሬትዝኪ የመጀመሪያ ካርድ፣ የ1979ኙ፣ ከዚህ ፋብሪካ የወጣ ነው። ስለዚህ የማያውቅ ሰው ሸካራውን ጠርዝ ጉዳት ብሎ ያልፈዋል፤ የሚያውቀው ደግሞ ጠርዙ ልስልስ ያለውን ሲያይ ነው ወደኋላ የሚያፈገፍገው። ሌላ ቦታ ነውር የሆነው እዚህ የልደት ምስክር ወረቀት ነው።

ግሬትዝኪ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ መግባቱ የእኔ ምርጫ አይደለም። በካርድ ዓለም ከፍተኛ ስም ያለው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው፤ ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይታደል ከነበረው ስብስብ የወጣው፣ ዛሬ በቁጥር ስልሳ ገደማ ብቻ የሚታወቀው። ከነዚህ አንዱ፣ ከሁሉም የሚያምረው፣ በ1991 ሶዝቢስ ጨረታ ላይ ወጣ፤ ግሬትዝኪና የሎስ አንጀለስ ኪንግስ የሆኪ ቡድን ባለቤት ብሩስ ማክናል በ451,000 ዶላር ገዙት። ያኔ ገና የተወለደው ፒኤስኤ የመጀመሪያ አድርጎ ደረጃ የሰጠው ይህንኑ ካርድ ነው፤ 8 አለው። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በ2007 2.8 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2013 ደግሞ ካርዱን በ1980ዎቹ ገዝቶ የሸጠው ነጋዴ ቢል ማስትሮ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን ሲያምን ጠርዙን የከረከመው እሱ መሆኑን ተናገረ።

ጋሼ ይህን ሲነግረኝ አይቆጣም፤ ደጋግሞ የተናገረው ስለሆነ ድምፁም አይለወጥም። «ቁጥሩን አትግዛ፣ ካርዱን ግዛ» ይለዋል ለሚመጣ ለሚሄደው። አባባሉ የሱ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ በየጠረጴዛው ይባላል። እኔ እዚያ ቆሜ የታዘብኩት ግን ብዙው ገዢ ስላቡን ተቀብሎ የሚያየው መለያውን እንደሆነ ነው። በ2022 የቶፕስ የ1952 ሚኪ ማንትል፣ 9.5 የተሰጠው፣ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ በዚያች ነጥብ አምስት ላይ የተንጠለጠለውን ገንዘብ ማሰብ ነው። መለያውን ማየታቸው ላይፈረድባቸው ይችላል። ጋሼ ግን አሁንም ስላብ ሲቀበል አስቀድሞ ይገለብጠዋል።

ማክሰኞ፣ ኒውዮርክ

ልጁ ትምህርት ዝግ ስለሆነበት አብሮኝ መጣ። ከዲሲ ዩኒየን ስቴሽን በባቡር ወጥተን ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገባን። ሙዚየሙ ውስጥ ከግብፅ ሐውልቶችና ከአውሮፓ ሥዕሎች በተጨማሪ ከሰላሳ ሺህ በላይ የቤዝቦል ካርዶች አሉ። ያመጣቸው ጄፈርሰን ቡርዲክ ነው፤ ሲራክዩዝ ከተማ በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ፣ ሚስትም ልጅም ያልነበረው፣ ቁርጥማት ጣቶቹን ያጎበጠው ሰው። ዛሬ ሰብሳቢው ሁሉ ዋግነርን «ቲ-206» እያለ የሚጠራበትን የመለያ ዘዴ ያወጣው እሱ ነው። የሰበሰበውን ሁሉ፣ ከፖስታ ካርድ እስከ ማስታወቂያ ወረቀት ከሦስት መቶ ሺህ በላይ የሚሆነውን፣ ከ1947 ጀምሮ ለሙዚየሙ ሰጠ። ከዚያም ኒውዮርክ እየተመላለሰ፣ በመጨረሻም እዚያው ኖሮ፣ በአልበም ሲያደራጅ ዓመታት አሳለፈ። በጥር 1963 ሥራውን ጨረሰ፤ በመጋቢት ሞተ።

ያደራጀው በሙጫ ነው። ካርዶቹን፣ ዋግነሩንም ጨምሮ፣ የአልበም ወረቀት ላይ ለጠፋቸው።

ይህን ለቻንቲሊ ሰዎች ማውራት ቀልድ አይሆንም። በነሱ መመዘኛ ጀርባው ላይ ሙጫ የነካው፣ ሲላቀቅም ወረቀቱ የሚላጠው ካርድ ከታችኛው እርከን ከፍ አይልም። ለቡርዲክ ግን ካርድ ማለት ስለ አንድ ዘመን የሚናገር ወረቀት ነበር፤ ከየትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኞቹ ወንድሞቹ ጋር እንደወጣ ከታወቀ ጥጉ ሾለ አልሾለ ጉዳዩ አልነበረም። እንዳይጠፉና እንዳይዘበራረቁ አሰበ፤ አልጠፉም፣ አልተዘበራረቁም። በኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ሰብሳቢ ካርድን በትክክል ያነበበው እሱ ነው፤ ልጁ ግን በዚህ አይስማማም።

በአሜሪካው ክንፍ ከስብስቡ ጥቂት ጥቂቱን እያፈራረቁ ያሳያሉ። ብርሃን ወረቀት ስለሚያደበዝዝ መብራቱን ደብዘዝ አድርገውታል፤ ካርዱም ተለጥፎ በመስተዋት ሥር ስለሆነ እንደ ልብ አጋድሎ ማየት አይቻልም። ዋግነር በዚያ ቀን አልወጣም ነበር። ልጁ በየመስተዋቱ ላይ ጎንበስ እያለ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ፣ ራሱን እያጋደለ ነጸብራቁን ሊያገኝ ሞከረ፤ ጠባቂዋ አንድ እርምጃ ወደኋላ እንዲል ነገረችው።

«ጥጎቹ አራት፣ ቢበዛ አምስት» አለኝ።

ጀርባቸው ላይ ሙጫ እንዳለ ነገርኩት።

«እንግዲያው አንድ» አለና ወደሚቀጥለው ሣጥን ሄደ።